ድኩላው በነጻ ነው?



ቡናው ቀልቶ ለቃሚ በሚጠብቅበት በዚህ ወቅት አንዳንድ ጎረቤቶቻችን ውሻ አስከትለው ወደ በለጠ ጌራ ደን መመላለሱን አልተዉም። «የከብት ሥጋ ተወዷል፣ ድኩላ ግን በነጻ ነው» ይሉናል። እስቲ አብረን እናስላው።

ወንዱ ድኩላ ትልቅ ነው ቢባል 80 ኪሎ ቢሆን ነው፤ እንስቷማ በጣም ታንሳለች። ቆዳው፣ አጥንቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ግማሹ ይቀራል እንበል። ለ8 ሰው ሲካፈል ለአንዱ 5 ኪሎ፤ እሱም ትልቁ ከተገኘ! ለዚህ ሁለት ቀን ጫካ ማደር፣ የለቀማውን ገንዘብ ማጣት፣ በቀንዱ የተወጋ ውሻ ተሸክሞ መመለስ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ወጥመዱ ደግሞ ይብሳል። አንቆ የገደለውን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይቀምሰውም፤ ለጅብ ይጣላል። ታዲያ ማን በላ?

«ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎአችንን ፈጀው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኛም የምናድረው ማሳ ስንጠብቅ ነው። ነገር ግን ማሳ መጠበቅ ሌላ፣ ጫካ ገብቶ ድኩላ ማሳደድ ሌላ።

ድኩላ ስድስት ወር አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው። እሷ ስትጠፋ ነብሩ የሚመጣው ወደ ፍየላችን ነው። ሕጉም ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የተያዘ ሰው የቤተሰቡን ቡና ማን ይለቅምለታል?

ወጥመድ ያጠመዳችሁ፣ ዛሬውኑ ሂዳችሁ ንቀሉ።