ማንም ያልከለከለው ጥንድ

በጋዜጦች የስፖርት ገጽ ላይ ለሴቶች ጥንድ የቴኒስ ውድድር የሚሰጠው ቦታ ከአንዲት ጥግ አያልፍም። የነጠላዋ ሻምፒዮን ፎቶግራፍ ገጹን ሞልቶ ሲወጣ የጥንዶቹ ስምና ውጤት በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል። እኔ ግን ፖለቲካ በስፖርተኛ ሕይወት ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት ለሚሻ ሰው ከዚያች ጥግ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም። በነጠላ ውድድር አንዲት ተጫዋች ስትታገድ የተጎዳችው እሷ ብቻ ትመስላለች፤ በጥንድ ውድድር ግን ያልታገደችውም አብራ ትወድቃለች።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 የሆነውን እናስታውስ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ መንግሥት እስራኤላዊቷ ሻሃር ፔር በዱባይ ውድድር እንዳትሳተፍ በመጨረሻዋ ሰዓት ቪዛ ነፈጋት። ምክንያት ሆኖ የቀረበው የጋዛው ጦርነት ገና መብረዱ ነው፤ ተመልካቹ ይቆጣል፣ ለራሷም ደኅንነት ያሰጋል ተባለ። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር አዘጋጆቹን 300,000 ዶላር ቀጣ። አንድ የአሜሪካ የቴኒስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ውድድሩን አላስተላልፍም አለ። ዋንጫውን ያነሣችው ቬነስ ዊሊያምስም በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ስለ ፔር አለመኖር ለመናገር አልፈራችም።

ከቅጣቱ ገንዘብ ለፔር 44,250 ዶላር ተሰጣት። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ 7,950 ዶላር ደግሞ ለጀርመናዊቷ አና-ሌና ግሮኔፌልድ ተከፈላት። ግሮኔፌልድ ቪዛ የከለከላት የለም፤ ከጋዛም ሆነ ከቴል አቪቭ ጋር የሚያገናኛት ጉዳይ አልነበራትም። ጥፋቷ የፔር ተጣማሪ መሆኗ ብቻ ነው። ፔር ስትቀር ለጥንድ ውድድሩ ሌላ ተጣማሪ የምትፈልግበት ጊዜ አላገኘችም። በአንድ ሰው ዜግነት ላይ የተወረወረ ድንጋይ አጠገቡ የቆመውንም እንደሚመታ በዶላር ተተምኖ የተጻፈበት ሰነድ እምብዛም አይገኝም።

ይሁንና የዱባዩ በደል ከሁሉ የከፋው አይመስለኝም። በዱባይ ከልካዩ ይታወቃል፤ ውሳኔ አለ፣ ቅጣት አለ፣ የጮኸም አለ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ በህንድ የሆነው ነው።

ይኸው ሻሃር ፔር እ.ኤ.አ. በ2005 በጃፓን ከሃይደራባዷ ሙስሊም ተጫዋች ከሳኒያ ሚርዛ ጋር ተጣምራ ተጫውታ ነበር። ሚርዛ በዚያው ዓመት በአጭር ቀሚሷ ምክንያት ከአንዳንድ የሃይማኖት ሰዎች ውግዘት ደርሶባታል። ከእስራኤላዊት ጋር መጣመሯ ደግሞ ሌላ ቁጣ ቀሰቀሰ። በ2006 በባንጋሎር ውድድር ሲደረግ ሁለቱ ላለመጣመር ወሰኑ፤ ሚርዛም ለተቃውሞ ሰበብ ላለመስጠት ነው ስትል ምክንያቱን አልሸሸገችም። ከሊዜል ሁበር ጋር ገብታም የጥንዱን ዋንጫ ወሰደች።

እነሆ፣ ማንም ምንም አልከለከለም። ቪዛ የነፈገ ኤምባሲ የለም፤ ማኅበሩም የሚቀጣው አዘጋጅ አላገኘም። ሥራውን ሁሉ የሠራው ፍርሃት ነው፤ የሠራውም ያለ ፊርማና ያለ ማኅተም ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ እንግዳ አይደለንም። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር ሳንሱር በሕግ ተሻረ፤ ጋዜጠኛው ግን መርማሪው ከሄደ በኋላ መቀሱን ራሱ ይዞ ቀረ። ለምን ይህን አልጻፍክም ቢሉት ማን ከለከለኝ ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሚርዛን እየወቀስኩ እንዳይመስል። ያኔ የ19 ዓመት ወጣት ነበረች፤ የሚጮኸውም ሰው የሚጮኸው በገዛ አገሯ ነው። የምወቅሰው ያን ውሳኔ «ብልህነት» ብለን ማለፍን የለመድነውን እኛን፣ ተመልካቾቹን ነው። በጁላይ 2007 እነዚሁ ሁለት ልጆች በካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ላይ ተጣምረው ቪክቶሪያ አዛሬንካንና አና ቻክቬታድዜን በፍጻሜው ረትተው ዋንጫውን አንሥተዋል። ሃይማኖታቸው ያው፣ ፓስፖርታቸው ያው፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ጠብም ያው ነበር። የተለየው ዙሪያውን የተቀመጠው ሕዝብ ነው።

«ታዲያ ደቡብ አፍሪካስ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ክብደት አለው፤ ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም በሚል መፈክር ብቻ የሚያልፈው ሰው ሰነፍ ነው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን በመቃወም ከሌሎች አፍሪካውያን ጋር ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወጥታለች። ምሩፅ ይፍጠር ሁለቱን ወርቆቹን ለማግኘት እስከ 1980 ሞስኮ መጠበቅ ነበረበት። ያ አድማ ስሙን ደብቆ አልመጣም፤ ምን እንደሚቃወም ተናገረ፣ ዋጋውንም ከራሱ ኪስ ከፈለ። የምሩፅን ዕድል አሳልፎ የሰጠው መንግሥት ምሩፅን ጠይቆት ነበር ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የዱባዩስ? መርሕ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሳምንት ይዘልቅ ነበር። ፔርን በከለከሉ በቀናት ውስጥ፣ ጩኸቱ ሲበረታ፣ ለወንዶቹ ውድድር ለእስራኤላዊው የጥንድ ተጫዋች ለአንዲ ራም ቪዛ ሰጡ። በጎረቤቷ ኳታርም ፔር በ2008 ዶሃ ላይ ተጫውታ ነበር፤ ሰማዩ አልተደፋም። በ2010 ዱባይ ራሷ በሯን ከፈተችላት። ፔር በጥብቅ ጥበቃ፣ ከዋናው ሜዳ ተገልላ ተጫወተች፤ ካሮላይን ዎዝኒያኪን አሸንፋ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ከደረሰች በኋላ በቬነስ ተረታች።

ፔር በ2017 ራኬቷን ሰቀለች። ኤምሬትስና እስራኤል በ2020 ግንኙነት መሠረቱ። ሳኒያ ሚርዛም በጥንድ የዓለም አንደኛ እስከ መሆን ደርሳ፣ የመጨረሻ ግጥሚያዋን በፌብሩዋሪ 2023 እዚያው ዱባይ በሴቶች ጥንድ አደረገች። ተጣማሪዋ አሜሪካዊቷ ማዲሰን ኪይስ ነበረች፤ በመጀመሪያው ዙር በሁለት ሩሲያውያት ተሸነፉ።