ሞቶ ያልተቀበረው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት አሶሳ ሰንብቼ ነበር፤ ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኝ የሰፈራ መንደር፣ እናቴ ቤት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። የዐሥራ አራት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ላፕቶፕ አቅፎ ከሙታን የሚሸሹ ፈረንጆችን ያያል። ድንገት ቀና ብሎ፣

«ጋሼ፣ እዚህ መንደር ዞምቢ ቢመጣ ምን እናደርጋለን?» አለኝ።

መቼም ልጅ ሲጠይቅ መልስ አይጠፋም። እየሣቅሁ እደረድርለት ጀመር። በሩን በመወርወሪያ እንዘጋለን። የሽመሉን አጥር እናጠብቃለን። በርሜሉን በዝናብ ውኃ እንሞላለን፤ ማሽላውን ቆጥ ላይ እናወጣለን፤ ገጀራውን ከአልጋ ሥር እናኖራለን። «ከሁሉ በላይ ግን» አልሁት፣ እንደ ጦር አዛዥ ድምፄን ጎላ አድርጌ፣ «በሩን ለማንም አንከፍትም!»

እሳት ዳር በቆሎ እሸት ትጠብስ የነበረችው እናቴ ቀና ሳትል «ለማንም?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገረችም። የእኔም ሣቅ ከአፌ ላይ ደረቀ። ይህ ጽሑፍ ያን ምሽት ልመልሰው ላልቻልሁት ለዚያ አንድ ቃል የምሰጠው መልስ ነው።

እስቲ ከፊልሙ እንነሣ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው ዞምቢ፣ ከመቃብር ተነሥቶ በመንጋ የሚጓዘው ሥጋ በሊታ፣ ይህን መልኩን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ አሜሪካዊ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ ነው። (የሚገርመው በዚያ ፊልም ውስጥ «ዞምቢ» የሚለው ቃል አንድም ጊዜ አይነሣም።) ሰባት ሰዎች በአንድ የገጠር ቤት ውስጥ ተዘግተው ያድራሉ፤ ውጭ ሙታን ይርመሰመሳሉ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ልብ ወለድ፣ የተቀረጸው ተከታታይ ድራማ፣ የወጣው የኮምፒውተር ጨዋታ አብዛኛው ሕጉን የቀዳው ከዚያ ቤት ነው፦ በር ዝጋ፤ መስኮት ቸንክር፤ በመንገድ የሚመጣውን አትመን፤ ጭንቅላቱን ምታ። የሚተርፈው ልቡን ያደነደነ ነው።

ቀጂዎቹ ግን አንድ ነገር ትተዋል፤ የፊልሙን መጨረሻ። ሌሊቱን ሙሉ ተዋግቶ ብቻውን የተረፈው ቤን የሚባል ጥቁር ሰው ነው፤ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ይባላል። ሲነጋ ሙታንን ለማጽዳት ጠመንጃ ይዘው የወጡ ሰዎች ከሩቅ በመስኮት ያዩታል። ማን እንደ ሆነ አይጠይቁም። ግንባሩን መትተው ይጥሉታል፤ አስከሬኑንም ከሙታኑ ጋር ያቃጥሉታል። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በስድስተኛው ወር ነበር። ቤንን የገደለው ዞምቢ አይደለም። የገደለው ያው ከዞምቢ ያድናል የተባለው ሕግ ነው።

ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዞምቢ ፊልም ከመሆኑ በፊት የሄይቲ ሰዎች ፍርሃት ነበር። ሄይቲ በፈረንሳዮች ዘመን ከአፍሪካ በመርከብ የተጋዙ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻ እስኪሞቱ የሚሠሩባት ምድር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1791 ባሮቹ ተነሡ፤ በ1804 ነጻ አገር መሠረቱ። በዚያ ሕዝብ እምነት የሞተ ሰው ነፍሱ ባሕሩን ተሻግራ ወደ አባቶቹ አገር፣ ወደ አፍሪካ፣ ትመለሳለች። ዞምቢ እንግዲህ ይህም የተነፈገው ነው፤ ጠንቋይ ከመቃብር አውጥቶ፣ ፈቃዱን ነጥቆ፣ እርሻ ላይ የሚያሠራው ሰው። ሄይቲያዊው «ዞምቢ ይበላኛል» ብሎ አልፈራም። የፈራው «ዞምቢ እሆናለሁ» ብሎ ነው፤ ሞት እንኳ ከባርነት አያወጣኝም ብሎ። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው «ኋይት ዞምቢ» የተባለው ፊልም ይህን ገና አልረሳም ነበር፤ በስኳር ፋብሪካው ውስጥ አንዱ ሠራተኛ መፍጫው ውስጥ ይወድቃል፤ ሌሎቹ ዘወር ብለው ሳያዩ ማሽከርከራቸውን ይቀጥላሉ። ደግሞም ሄይቲዎች እንዲህ ይላሉ፦ ዞምቢ ጨው ከቀመሰ ይነቃል፤ ማንነቱ ትዝ ይለውና ወደ መቃብሩ ይመለሳል።

«የሰው አገር ተረት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በሰሜኑ አገራችን ስለ ቡዳ ሲወራ የሰማ ሰው ያውቀዋል። ቡዳ የበላው ሰው ይሞታል፤ ይቀበራል፤ ቡዳውም በሌሊት ከመቃብር አውጥቶ ነፍስ ይዘራበትና ቤቱ ወስዶ እየገረፈ ያሠራዋል። እንግዳ ሲመጣ መልሶ እንስራ ያደርገዋል። ከዚህ የበለጠ የባርነት ሥዕል ከየት ይመጣል? ሥራ ሲኖር ሰው፤ ሰው ሲመጣ ዕቃ! ሆኖም ተረቱ ጣቱን የቀሰረው በባሪያ ፈንጋዩ ላይ አልነበረም፤ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቀጥቃጩ፣ በሸማኔው ላይ እንጂ። እነሆ ሁለተኛው ጥፋት፤ ስለ አውሬ የሚነገር ተረት አውሬውን ትቶ ምስኪኑን ጎረቤት ያሳድዳል።

የአሶሳ ምድር ደግሞ ከተረቱ ይልቅ እውነቱን ታውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን የያዘው የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ጦር ወደዚህ ጠረፍ የገሰገሰው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን የተመራው ዘመቻ ቤኒሻንጉልን በምኒልክ መንግሥት ሥር ካስገባ በኋላም ግብሩ ያው ሆነ፤ ወርቅና ሰው። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን በሁለቱም የታወቁ ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ «ሸጎሌ» እያልን የምንጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው፤ ታክሲ ስንሳፈር ስንቶቻችን ይህን እናስባለን? ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ፤ ጨርሶ የሻረው ሕግ ግን የታወጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ከበርታው፣ ከጉሙዙ፣ ከማኦው፣ ከኮሞው መንደር የተነዳ ሰው ቀድሞ የሚነጠቀው ስሙን ነበር። ጌታው ደስ ያለውን ስም ያወጣለታል። የቀረው ወገኑም በጅምላ ይጠራል፤ ያን የጅምላ ስም እዚህ ልጽፈው አልወድም፤ አንባቢ ያውቀዋል።

በአማርኛችን የባሪያ ተቃራኒ «ጨዋ» መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ነጻ የተወለደ ሰው ጨዋ ነው። ቃሉ ከ«ጨው» ጋር በድምፅ መቀራረቡን ባሰብሁ ቁጥር ያ የሄይቲዎች ዞምቢ ትዝ ይለኛል፤ ጨው ቀምሶ የሚነቃው።

«ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው» ብለን እንዳናልፈው፣ ሰውን እንደ መንጋ ማየት በእኛው ዘመን ያደረገውን አይተናል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን፣ በቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ በደረሰ ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ በመተከልና በካማሺ አማራው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው፣ አገው በየተራ ሞቷል፤ በየተራም ተሰድዷል። በእነዚያ ወራት ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈውን ወሬ አስታውሳለሁ፤ እዚህም እዚያም ቃሉ አንድ ነበር፦ «መጡ!»፣ «ከበቡን!»፣ «ሳይቀድሙን እንቅደማቸው!»። ማን መጣ? ስም የለም። የዞምቢ ፊልም ቋንቋ ይኸው ነው። ልዩነቱ በፊልሙ የሚመታው አስቀድሞ የሞተ መሆኑ ብቻ ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። በዚያው በ2013 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ ከካማሺ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች በመንደራችን መንገድ አለፉ። አቧራ ለብሰዋል፤ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ዓይናቸው ያያል እንጂ አያተኩርም። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆመች። «ማን እንደ ሆኑ አናውቅም፤ በሩ ይዘጋ» አልሁ። ያልሁት እኔ ነኝ፤ መጽሐፍ አነብባለሁ፣ ስለ ሰው ልጅ እጽፋለሁ የምለው። እናቴ አልመለሰችልኝም። መወርወሪያውን ስባ ከፈተችና «ስምሽ ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ነገረቻት። «የልጅሽስ?» የልጁንም ነገረቻት። ከዚያ ንፍሮ ቀረበ፤ ጨው ተነሰነሰበት።

እንግዶቹ ከተኙ በኋላ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦ «በሰባ ሰባት ከወሎ ሲያመጡን እኛም ሰው አንመስልም ነበር፤ አጥንታችን ነበር ቆሞ የሚሄደው። አንዲት የበርታ ሴት በቅል ገንፎ ይዛልኝ መጣች። የሰጡን መሬት የነሱ ነበር፤ እሷን የጠየቃት የለም፤ ብትጠላኝም እውነት ነበራት። ቋንቋ ለቋንቋ አንግባባ። ደረቷን በጣቷ ነካ አደረገችና ስሟን ጠራች። ቀጥላ ጣቷን ወደ እኔ ዘረጋች። ስሜን አፌ ካወጣው ስንት ወር እንደ ሆነው ያን ጊዜ ታወቀኝ።»

እኔ ስለ ዞምቢ ካነበብሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ሞቶ ያልተቀበረ ሰው የሚነሣበት መንገድ በውስጡ አለና።

ተከፍቶ ያደረ በር የሚያመጣውን ጣጣ አላጣሁትም። ገጀራ ይዞ የመጣ ሰው ስሙን ስለ ጠየቁት አይመለስም። እናቴም በየማታው መወርወሪያዋን ትወረውራለች፤ ጅብም ሌባም አለ። የምከራከረው መዝጊያ ይቅር ብዬ አይደለም። ከመዝጋት በፊት ያለችውን ያችን ጥያቄ የሚሰርዝ ታሪክ ለልጅ መካሪ አይሆንም ብዬ ነው። ደግሞስ እንደ ፊልሙ ሕግ ቢሆን ኖሮ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በኩርሙክ በኩል የገባው ሺህ በሺህ ሕዝብ ምን ይሆን ነበር? ራሱ ቆስሎ የከረመ ክልል በሩን ከፍቶ ተቀበላቸው። ይህን የሚያህል የመትረፍ ታሪክ ከደጃችን ተቀምጦ፣ እኛ መትረፍን ከሆሊውድ እንማራለን።

በአማርኛ አስፈሪ ልብ ወለድ መጻፍ የምትሹ ወጣቶች እየበዛችሁ ነው፤ ደስ ይለኛል። ዞምቢም ጻፉ። ነገር ግን አዲስ አበባን በሙታን አስወርራችሁ ጀግናውን ሽጉጥ ከማስጨበጣችሁ በፊት ከመፍጫው ጀምሩ፤ ከእንስራው ጀምሩ፤ ስሙን ከተነጠቀው ሰው ጀምሩ። አንባቢያችሁ «ቢነክሰኝስ?» ብሎ ብቻ አይፍራ። «እኔስ ማንን ነው ሳልጠይቅ ሞተ ያልሁት?» ብሎም እንቅልፍ ይጣ። የሚያስፈራው እርሱ ነው።

ያን የዝናብ ምሽት ላፕቶፑ በመጨረሻ ጠፋ። ልጁ ግን አልተኛም። ጥቂት ቆይቼ፣ «ቅድም የነገርሁህን ላስተካክል» አልሁት፤ «በሩን ከመዝጋታችን በፊት ስሙን እንጠይቀዋለን።»

«ዞምቢ እኮ ስሙን አይናገርም፣ ጋሼ!» አለና ሣቀብኝ።

እናቴ በቆሎውን ከፍም አውጥታ አቀበለችውና፣ «እንግዲያውስ ከተናገረ ይግባ» አለች።