ለቢራው ነው ወይስ ለአቧራው?

ደብዳቤዎቻችሁ ደርሰውኛል። የፍቅሩ፣ የቤት ኪራዩ፣ የአማቱ... ሁሉም ተራውን ይጠብቅ። የዛሬው ተራ የአንድ ወጣት ነው። "ስሜ ይቆይ" ብሏል፤ ይቆይለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጮኛው ታላቅ ወንድም ከብራስልስ ለዕረፍት ይመጣል። ልጁ "እንግዳ ነው፣ ልጋብዘው" ብሎ ሞቅ ካሉት ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ይወስደዋል። አስተናጋጁ እንግዳው ከቤልጂየም እንደመጣ ሲሰማ አቧራ የለበሱ ሁለት አረንጓዴ ጠርሙሶች ይዞ ከች! "ይሄ ቪንቴጅ ነው፤ እንደ ወይን የከረመ ነው" ይላል። ዋጋውን ማንም አልጠየቀም። ሂሳብ ሲመጣ አንዱ ጠርሙስ 1,800 ብር! ያው ቢራ፣ አዲሱ፣ እዚያው ቤት 400 ብር ነው የሚሸጠው። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ ለሁለት ጠርሙስ 4,554 ብር ከፍሎ ወጣ። እንግዳው ደግሞ "ካርቶን ካርቶን ይላል" ብሎ ግማሹን ትቶታል።

በማግስቱ ልጁ ለእጮኛው "ተበልተናል እኮ" ቢላት "ለወንድሜ ሰስተህ ነው!" ብላ ተቆጣች። ይኸው ሳምንታቸው፣ አይነጋገሩም። ጥያቄው፦ "ለአሮጌ ቢራ ይህን ያህል ማስከፈል አግባብ ነው? ወይስ ፋራው እኔ ነኝ?"

ወንድሜ፣ ፋራ አይደለህም። ግን መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። እኔም ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ሁለት ዓመት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጠርሙስ ከፍቻለሁና የሁለቱንም ወገን ላውራ።

እስቲ ከቤታችን እንነሳ። ጠጅ ሲከርም ይጠነክራል፣ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ የሚወደው ሰው ፈልጎ ይመጣለታል። ጠላ ሲከርምስ? ይኮመጥጣል! እማማ የሁለት ሳምንት ጠላ አቅርበው "የከረመ ነውና እጥፍ ክፈሉ" ቢሉን እንስቃለን። ቢራም እንደዚሁ ነው። ጠጅ የሚመስል አለ፣ ጠላ የሚመስል አለ።

እኛ ሀገር አብዛኛው ሰው የሚጠጣው ላገር የሚባለው ቀለል ያለ ቢራ ነው። አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ እርሾው ተጣርቶ የወጣለት፣ ትኩስነቱ የሚፈለግ ቢራ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ ቤቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣው ይመረጣል። የዚህ ዓይነቱ ቢራ ጠላቶች ሦስት ናቸው፦ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር። ብርሃን ሽታውን ያበላሸዋል፤ አረንጓዴ ጠርሙስ ደግሞ ከቡናማው ያነሰ ነው የሚከላከለው። በክዳኑ በኩል ቀስ እያለ የሚገባው አየር ደግሞ ምን ዓይነት ጣዕም ያመጣል መሰላችሁ? የእርጥብ ካርቶን! እንግዳው የቀመሰው ይህንኑ ነው። ቢራው አልከረመም፣ አርጅቷል።

ታዲያ የሚከርም ቢራ የለም ማለት ነው? አለ እንጂ! እንግዳው የመጣባት ቤልጂየም የታወቀችበት ነው። ጉዝ የሚሉት ቢራ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ቢራ ተደባልቆ የሚሠራ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶም መብላላቱን አያቆምም። ኦርቫል የተባለው የመነኮሳት ቢራ ጠርሙስ ውስጥ በሚገባበት ልዩ እርሾ የተነሳ አዲሱና የከረመው ለየቅል ናቸው። 9 በመቶ አልኮል ያለው ሰማያዊው ሺሜ የተጠመቀበት ዓመት ላዩ ላይ ይጻፍበታል። አንትወርፕ ከተማ ኩልሚናቶር የሚባል ቡና ቤት ስም ያወጣው በአሮጌ ቢራዎቹ ነው። እንግሊዞችም በ1968 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሃርዲስ ኤል የሚባል ጠንካራ ቢራ ሠርተው "25 ዓመት ይቆያል" ብለው ለጥፈውበታል።

እንዲህ ያለውን ቢራ አስከርሞ የሚሸጥ ባለ ቡና ቤት ዋጋ ቢጨምር አልፈርድበትም። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እንበል አንዱን ጠርሙስ በ300 ብር ገዝቶ፣ ትኩሱን በ600 ይሸጣል። ሌላውን ግን 5 ዓመት ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጠው። ያ 300 ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢያስገኝለት ኖሮ በ5 ዓመት 600 ብር ገደማ ይሆን ነበር። ከ10 ጠርሙስ 2ቱ ቢበላሹበት የእነሱን ኪሣራ 8ቱ ይሸከማሉ፤ ስለዚህ አንዱ ወደ 750 ብር ደረሰ። የተለመደችውን የ300 ብር ትርፉን ጨምሩለት፤ 1,050 ብር። የቦታ ኪራይ እንጨምርለት ብንል እንኳ ከአዲሱ ዋጋ እጥፍ አካባቢ ነው። ይህ አግባብ ነው፤ አምስት ዓመት የጠበቀ ሰው የጥበቃውን ቢጠይቅ ሌባ አይባልም። መጠመቁ ከቆመና ከገበያ ከጠፋ ደግሞ ዋጋው ከዚህም ይወጣል፤ ያ የሰብሳቢዎች ጨዋታ ነው፣ የሚችል ይጫወተው።

የኛ ልጅ የከፈለው ግን አራት እጥፍ ተኩል ነው። ለዚያውም ማንም አስቦ ላላስቀመጠው፣ ሳይሸጥ ቀርቶ መደርደሪያ ላይ ለተረሳ ላገር! ያ ዕድሜ ዋጋ የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። እሱ የከፈለው ለአቧራው ነው።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን አቧራውን ያስከፈለው ይሉኝታ ነው። እኛ ሀበሾች እንግዳ ፊት "ስንት ነው?" ማለት ሞት ይመስለናል። ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጋባዥ የሆነ ሰው፣ ከውጭ የመጣ እንግዳና የፍቅር ጓደኛ ያሉበት ጠረጴዛ ላይ ዋጋ እንደማይጠየቅ ያውቃል። ቪንቴጅ የምትለው ቃል የምትመዘዘውም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው እንጂ ብቻውን ድራፍት ለሚጠጣ ሰው አይደለም።

ስለዚህ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት እነዚህን ያዙ፦

አንደኛ፣ ዋጋውን በሜኑ ላይ አሳየኝ በሉ። አፍ አያስፈልግም፣ ጣት ይበቃል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ መሸጥም ከልክሏል።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሱን አዙራችሁ ቀኑን አንብቡ። እንዲከርም የተሠራ ቢራ ራሱ ይናገራል፤ 10 እና 20 ዓመት የሚጻፍባቸው ጉዞች አሉ። ቀኑ ያለፈ ላገር ከሆነ መልሱለት።

ሦስተኛ፣ "የት ነው የተቀመጠው?" በሉ። በእርግጥ ያስከረመ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ታሪኩን ያወራላችኋል። ያላስከረመው ይቆጣል።

አራተኛ፣ ሰርቪስና ቫቱን አስቡ። ሜኑ ላይ 1,000 ብር ያላችሁ ከነዚህ ጋር 1,265 ይሆናል።

ለእጮኛዋም አንድ ቃል አለኝ። እህቴ፣ የሰሰተ ሰው መጀመሪያውኑ ወንድምሽን አይጋብዝም። እሱ ዋጋ ሳይጠይቅ የከፈለው አንቺን ላለማሳፈር ነው። ያዘነው ደግሞ ለብሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ለእንግዳው ምርጡን ሰጠሁ ብሎ የማይጠጣ ነገር በመስጠቱ ነው። ነገ ትዳር ስትይዙ ይህ ብር የሁለታችሁ ነው። "ስንት ነው?" ማለትን ዛሬ አብራችሁ ካልተለማመዳችሁ፣ በቤት ዕቃው፣ በድግሱ፣ በቬሎ ኪራዩም አቧራ ትከፍላላችሁ።

አንተም ወንድሜ፣ "ተበልተናል" ብለህ አትጀምር፤ እሷ የሰማችው ወንድሟ እንደበላህ ነው። "እንግዳችንን አታለሉብን" በላት። ነገሩ ያው ነው፣ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። እንግዳው ሳይመለስ ደግሞ ጥሩ ጠጅ ቤት ውሰደው። ብርሌው ስንት እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ... እሱ እያየህ!

ቸር ሰንብቱ፤ የሳምንት ሰው ይበለን።