ደብዳቤ መፈረምና ድምፅ መስጠት ለየቅል ናቸው

መካከለኛው ምሥራቅ በጋለ ቁጥር ከዋሽንግተን አንድ ዓይነት ወረቀት ይወጣል። የተወሰኑ የኮንግረስ አባላት ይፈርሙበትና «ሁሉም ወገን ይታገስ፣ ዲፕሎማሲ ይቅደም፣ ጦርነቱ አይስፋ» ይላል። እኔ ይህን ደብዳቤ አልጠላውም፤ ዝም ከማለት ይሻላል። ግን እዚህ አሜሪካ ግብር የምንከፍል፣ ብዙዎቻችንም የምንመርጥ ሰዎች በደብዳቤና በድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይገባናል ባይ ነኝ።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ ነው። ከቬትናም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ኮንግረስ የኒክሰንን ቬቶ ሽሮ የጦርነት ሥልጣን ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንቱ ጦር ካዘመተ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል፤ ፈቃድ ካላገኘ በ60 ቀን ያቆማል፣ ጦሩን ለማስወጣት ደግሞ 30 ቀን ሊጨመርለት ይችላል። በወረቀት ላይ ያምራል! ኦባማ በ2011 ሊቢያ ላይ 60ው ቀን ሲያልፍበት ጠበቆቹ «ይህ ሕጉ የሚለው ዓይነት ውጊያ አይደለም» አሉና ቀጠለ። ነገሩ የአንድ ፓርቲ ጠባይ አይደለም።

ትልቁ ቀዳዳ የተከፈተው ግን በ1983 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ ምክንያት፣ ኮንግረስ ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ ጦርነት የሚያስቆምበት መንገድ እንዳይሠራ ሆነ። አሁን የሚያስቆመው ውሳኔ ራሱ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ እሱም ቬቶ ያደርገዋል፤ ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ጦርነቱን የጀመረው ሰው ማቆሙንም ይፍቀድ እንደማለት ነው።

በየመን ጦርነት የአሜሪካን ተሳትፎ የሚያቆመው ውሳኔ በ2019 በሴኔት 54 ለ46፣ በተወካዮች ምክር ቤት 247 ለ175 አለፈ። ትራምፕ ቬቶ አደረገው፣ መሻሩም አልተሳካም። ሶሌይማኒ ከተገደለ በኋላ በ2020 የሴናተር ቲም ኬን የኢራን ውሳኔ 55 ለ45 አለፈ፤ ዕጣው ያው ሆነ። በጁን 2025 የኢራን የኑክሌር ተቋማት ከተደበደቡ በኋላ ኬን እንደገና ሞከረ፤ ያን ጊዜ 47 ለ53 ተሸነፈ።

ታዲያ ምን ዋጋ አለው ይባል ይሆናል። አለው። ኦገስት 2013 የእንግሊዝ ፓርላማ ሶርያን የመምታቱን ሐሳብ 285 ለ272 ጣለው። ከሁለት ቀን በኋላ ኦባማ እኔም ኮንግረስን አስፈቅዳለሁ አለ። ድምፅ ሲቆጠር፣ ሲለመን፣ ሲጎተት ሩሲያ የኬሚካል መሣሪያው ይረከብ የሚል መንገድ ይዛ መጣች፤ ዘመቻውም ቀረ። የሶርያ መከራ በዚያ አላበቃም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ግን ድምፅ መቆጠሩ ለዲፕሎማሲ ጊዜ ገዛ። ደብዳቤ ጊዜ አይገዛም።

ይህ ለምን የእኛ ጉዳይ እንደሆነ የሚጠይቅ ካለ፣ ሰዓዳን ያስታውስ። ማርች 15 ቀን 2025 አሜሪካ በሁቲዎች ላይ የአየር ዘመቻ ከፈተች። አፕሪል 28 ሰሜን የመን፣ ሰዓዳ ውስጥ አፍሪካውያን ስደተኞች የታሰሩበት ማቆያ ተመታ። ሁቲዎች 68 ሰው ሞተ አሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ያነጋገራቸው ከጥቃቱ የተረፉት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ሳዑዲ ለመግባት በየመን ሲያቋርጡ የተያዙ ልጆች። ሜይ 6 በኦማን ሽምግልና ድብደባው ቆመ። ቀኑን ቁጠሩት፦ 52 ቀን። የ60 ቀኑ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር፤ ዘመቻውን የሚፈቅድ ድምፅም አልተሰጠም። በመጨረሻ ያስቆመው ሽምግልና ነው፤ ሽምግልናው ግን ለሰዓዳዎቹ በስምንት ቀን ዘገየ።

እኛ ደግሞ የኮንግረስን ስልክ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። በ2018 ለኤች አር 128፣ በ2022 በኤች አር 6600 ደጋፊውም ተቃዋሚውም የየተወካዩን ቢሮ በስልክ አጨናንቋል። ለሰዓዳ ግን ያን ያህል ድምፅ አልሰማሁም። ይመስለኛል፣ እነዚያ ልጆች የማንም ወገን ስላልነበሩ ነው። ገዢው ፓርቲም ተቃዋሚውም «የእኔ ሰማዕት» የሚላቸው ዓይነት አልነበሩም። ድሃ፣ መንገደኛ፣ ስማቸው ያልተጻፈ። ነገ ቀይ ባሕር ወይም ባሕረ ሰላጤው እንደገና ሲነድ መጀመሪያ የሚነካቸው እነሱና በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ናቸው።

ስለዚህ የምትደውሉ ከሆነ «ሴናተሩ ለሰላም ይቆማሉ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላል። በሴኔት አንድ ሴናተር ብቻውን እንኳ ውሳኔ አቅርቦ ድምፅ እንዲሰጥበት ማስገደድ ይችላል። «ቀጣዩ ውሳኔ ሲቀርብ ድምፃቸው ምንድን ነው? ማንም ካላቀረበስ ራሳቸው ያቀርባሉ?» በሉና መልሱን ጻፉት።