ወረቀቱን ተዉትና ጉልበቷን ዳስሱ

ልጄ 11 የወር መርፌ ተወግታለች። መድኃኒቱ ነጭና ወፍራም ነው፤ ነርሷ ስትገፋው የራሷ ጣት ይንቀጠቀጣል። በየ28 ቀኑ ይህን ሥቃይ ያመጣባት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ናት። ወረቀቷ ላይ «ኤ.ኤስ.ኦ፦ ፖዘቲቭ» ይላል፤ በቃ። መርፌውን ያዘዘው ሰው «ልቧን ለማዳን ነው» አለኝ። እሺ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ማዳመጫ ደረቷ ላይ አሳርፎ ልቧን አንዴ ያዳመጠ የለም። የሚያማት ጉልበቷ ነው፤ ሱሪዋን ገልቦ ጉልበቷን ያየም የለም።

ረጋ ብለሽ ጻፊ ያሉኝ ወዳጆች አሉ። ዓመት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ረግቻለሁና አሁን ይለፉኝ።

ነገሩ የጀመረው 4 ዓመቷ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ስቀሰቅሳት ከአልጋ የምትወርደው በሆዷ ተንሸራታ፣ ወደ ኋላዋ ነበር። በሁለት እጇ የፍራሹን ጠርዝ ጨብጣ ቀኝ እግሯን ታሳርፋለች፤ ግራውን ወለሉ ላይ ፍም የተበተነ ይመስል አንጠልጥላ ትቆያለች። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ትሄዳለች። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት አቃታት። በርጩማዋ ላይ መቀመጥ ትታ ቁርሷን ቆማ መብላት ጀመረች። 4 ሰዓት ሲሆን ግን ግቢውን በሩጫ ታምሰዋለች። «አየሽ፣ ምንም የላትም!» ይለኛል ያየ ሁሉ። አስተማሪዋ ደግሞ «ሰልፍ ላይ ላለመቆም ነው የምታነክሰው» አለችኝ። የ4 ዓመት ልጅ ገና ዓይኗ ሳይገለጥ ቲያትር ልትሠራ!

ጠዋት ማነከሷና ረፋድ ላይ መሮጧ ራሱ ነው ምልክቱ። በውስጡ የተቆጣ መገጣጠሚያ ሌሊቱን ሳይንቀሳቀስ ሲያድር ይገትራል፤ ሲንቀሳቀስ ይላላል። ይህን ዛሬ አውቄዋለሁ። ያኔ ግን የሰፈሩ ሰው የየራሱን ምክንያት አደለኝ፤ ብርድ ነው ያለ አለ፣ ወድቃ ደብቃሽ ነው ያለ አለ፣ ዓይን በልቷት ነው ያለችም አልጠፋች። የባለቤቴ ዘመዶች ደግሞ «እያደገች ነው፣ የእድገት ሕመም ነው» ብለው ገላገሉኝ። የእድገት ሕመም የሚባል ነገር መኖሩን አልክድም። እሱ ግን ማታ ማታ ነው የሚመጣው፣ ሁለቱንም እግር ነው የሚይዘው፣ እብጠት የለውም፤ ጠዋት ልጁ ምንም እንዳልነበረው ተነስቶ ይሮጣል። ጠዋት የሚያነክስ ልጅ እያደገ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ክሊኒኩን አልጠራውም። ካርድ አወጣን፣ ተራ ጠበቅን፣ ገባን። ሐኪሙ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል «ምኗን ነው?» አለ።

«ግራ ጉልበቷን። ጠዋት ጠዋት ታነክሳለች።»

«ቶንሲል ያማታል?»

«የማያመው ልጅ አለ?»

ይህችን ብቻ ጻፈ። ላብራቶሪ ሄድን፣ ተወጋች፣ አለቀሰች፣ ውጤት ይዘን ተመለስን። «እናት፣ የሪህ ባክቴሪያ ተገኝቶባታል። ወደ ልቧ እንዳይገባ በየወሩ ትወጋለች።» ሁሉም ነገር 5 ደቂቃ አልፈጀም። ልጄ ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም።

የሪህ ባክቴሪያ! እንዲህ የሚባል ባክቴሪያ የለም። ያለው ስትሬፕቶኮከስ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ የማያጣው የጉሮሮ ጣጣ። ኤ.ኤስ.ኦ ደግሞ ባክቴሪያውን አያሳይም። ሰውነት ሲዋጋው የሠራውን መከላከያ ነው የሚለካው፤ መከላከያው ጉሮሮው ከዳነ በኋላም ለወራት ደም ውስጥ ይቆያል። «ከ200 በላይ ፖዘቲቭ ነው» የሚባለው ገደብም ለትምህርት ቤት ልጅ አይሆንም፤ ምንም ሕመም የሌለባቸው ተማሪዎች ቢለኩ ስንቶቹ ያልፉታል። ወረቀቷ የምትለው ሲተረጎም «ይህች ልጅ በቅርቡ ጉሮሮዋን ሳያማት አልቀረም» ነው። እሱን እኮ እኔም ነግሬያቸው ነበር፤ ያውም በነጻ።

ሪህ የሚለው ቃላችንም አብሮ ያሳስተናል። የአጎቴ የእግር አውራ ጣት ሥጋ በበላ ማግሥት ሲቀላ ሪህ ነው። የአክስቴ ጣቶች ሲጣመሙ ሪህ ነው። የልጅ የልብ በር (ቫልቭ) ሲበላሽም ሪህ ነው። ሦስት የማይገናኙ በሽታዎችን ባንድ ከረጢት አስረን፣ ከረጢቱን ለላብራቶሪ ባለሙያ ሰጥተን «ፈልግልን» እንላለን።

እውነተኛው የልብ ሪህ፣ ሩማቲክ ፊቨር የሚሉት፣ ቀልድ አይደለም። ከጉሮሮ ሕመም 2 ወይም 3 ሳምንት በኋላ ይመጣል፤ ይበልጥ የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ነው። ለመለየት ግን ሕግ አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ዳኬት ጆንስ መለያውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል፣ እንደኛ በሽታው ለሚበዛባቸው አገሮች ላላ ተደርጓል፤ የልብ አልትራሳውንድም ገብቶበታል። በዚህ ሕግ የኤ.ኤስ.ኦ ወረቀት ካርድ እንደማውጣት ናት፤ ካርድ ያወጣ ሁሉ ታሟል አይባልም። ልቡ መነካት አለመነካቱ፣ የመገጣጠሚያው እብጠት፣ እጅ እግሩ ሳያዘው መወራጨቱ፣ የቆዳው ምልክት መታየት አለበት። እብጠቱም ቢሆን ጠባይ አለው። የሩማቲክ ፊቨር እብጠት መንገደኛ ነው፤ ዛሬ ጉልበት፣ ከነገ ወዲያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ክርን እያለ ይዞራል፤ አስፕሪን ሲያገኝ በ2 በ3 ቀን ይበርዳል። የልጄ እብጠት ግን ግራ ጉልበቷ ላይ ጎጆ ወጥቶ የተቀመጠ ነው። ወር ገባ ወር ወጣ ንቅንቅ አላለም። «የት የት ያማታል? ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር የመጀመሪያዋን መርፌ እንኳ ባልተወጋች።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይኸው ልማድ በሌላ በኩል የሚፈጀው ልጅ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ደጅ ላይ አንድ ቀን ቁሙ። ቀዶ ጥገና የሚጠብቁትን ታያላችሁ። በእውነተኛ የልብ ሪህ የልብ በራቸው ከተበላሸ በኋላ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው የመጡ አሉባቸው። ጉልበታቸው ሲያብጥ፣ ሲተኩሳቸው፣ እስክሪብቶ ከእጃቸው ሲወድቅ «ያልፍለታል» የተባሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ሐኪሞች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት 7 ነጥብ ያለው መግለጫ አወጡ፤ የአፍሪካ ኅብረትም ተቀበለው። የመዲናችን ስም የተለጠፈበት መግለጫ ነው! በዚችው መዲና ታዲያ በሽታው የሌለባት ልጄ ትወጋለች፤ ያለበት ልጅ ቤቱ ይቀመጣል። ሁለቱም ያጡት አንድ ነገር ነው፤ በእጁ ዳስሶ፣ በጆሮው አዳምጦ የሚመረምር ሰው።

አደራ ታዲያ፣ ይህን አንብባችሁ የወር መርፌ እንዳታስቆሙ። በአግባቡ ተመርምሮ የልብ ሪህ የተባለ ልጅ መርፌው ሕይወቱ ነው፤ አንድም ቀን ማለፍ የለበትም። እኔ የምላችሁ «በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ ነው።

የእኔን ልጅ ያዳነቻት እናቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም። ለጥምቀት ከምንጃር መጥታ፣ ማታ የልጅቷን እግር በለብታ ውኃ ስታጥብ ድንገት ዝም አለች። የእጇን ጀርባ ቀኙ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ግራው ላይ፣ እንደገና ቀኙ ላይ። «ይሄኛው ይሞቃል» አለች። ቀጥላ ሁለቱን አውራ ጣቶቿን በጉልበቷ ዙሪያ አዞረች። «አንቺ! ሎሚዋ የት ገባ?»

እውነትም የቀኝ ጉልበቷ ሎሚ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግራው እንደተነፋ ዳቦ ሞልቶ ሎሚው ጠፍቷል። በየቀኑ የማለብሳት እኔ ነኝ። አላየሁም። ወረቀቱን አምኜ ዓይኔን አሳርፌዋለሁ።

በማግሥቱ ሌላ ሆስፒታል ወሰድኳት። ገና ተማሪ የምትመስል ወጣት ሐኪም ገጠመችን። ቀድማ የተናገረችው ለልጄ ነው፤ «ሚጣዬ፣ ጫማሽን አውልቂና እስከ በሩ ሄደሽ ነይ።» ከዚያ በጣትሽ ቁሚ፣ በተረከዝሽ ሂጂ፣ እጅሽን ሰቅለሽ ጣሪያውን እዪ፣ ሦስት ጣትሽን ደርድረሽ አፍሽ ውስጥ ክተቺ፣ ቁጢጥ በይ። ልጄ ጨዋታ መስሏት ስቃ ልትሞት ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ጉልበቶች እንደ እናቴ በእጇ ጀርባ ለካች። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ይህ ፒጋልስ የሚባል ምርመራ ነው፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕፃናት ያዘጋጁት፣ ማላዊ ውስጥም ተሞክሮ የሠራ። ማላዊ ወረፋው ከእኛ ያነሰ፣ ሐኪሙ ከእኛ የበዛ አገር አይደለም። መብራት ቢጠፋ የማይቋረጥ፣ ሪኤጀንት አለቀ የማይባልበት ምርመራ እንዲህ ችላ መባሉ ነው የሚያንገበግበኝ።

ወጣቷ ሐኪም ሁለት ጉልበት ነክታ አልፈረደችም። ቲቢ እንዳይሆን አስመረመረች፤ በእኛ አገር አንድ ጉልበት ለወራት ሲያብጥ ቲቢን ሳያስቡ ማለፍ ወንጀል ነው። ከጉልበቷ ፈሳሽ ቀዳች። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ መገርጣት፣ ክብደት መቀነስ እንዳለባት እየደጋገመች ጠየቀችኝና የደም ሴሎቿን አስቆጠረች፤ የደም ካንሰር አንዳንዴ እንዲህ ነው የሚጀምረው አለችኝ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልነግራችሁም። ይህ ሁሉ የማይጠበቅበት ጊዜም አለ፤ ትኩሳት ይዞት፣ አንድ መገጣጠሚያው ግሎ፣ እግሩን ማሳረፍ ያቃተው ልጅ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መግባት አለበት።

ሁሉም ተጣርቶ ስሙ መጣ፤ ጁቬናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይቲስ። ከ16 ዓመት በታች ጀምሮ 6 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። ልጅ ቁርጥማት አይዘውም ያላችሁኝ ሁሉ ስሙ፤ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ስቲል የተባለ ሐኪም ስለ ሕፃናት የመገጣጠሚያ በሽታ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ እኛ ገና የዓድዋን ድል ባከበርን ማግሥት። ለዚህም በሽታ ቢሆን ወረቀት አያድንም። «ሩማቶይድ ፋክተር ኔጌቲቭ ነው፣ ነጻ ነች» የሚል ሐኪም አይጠፋም፤ ከ100 ታማሚ ሕፃናት ፖዘቲቭ የሚሆነው 5ቱ ቢሆን ነው።

ጉልበቷ ውስጥ መድኃኒት ተወጋች፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ሎሚዋ ተመልሶ ታየ። የዘገየንበት ዋጋ ግን አልቀረልንም። ብግነት ያለበት ጉልበት ደም ይበዛለትና አጥንቱ ይፈጥናል፤ የግራ እግሯ ከቀኙ በ1 ሴንቲ ሜትር በልጧል፣ ጫማዋን ሰፊ ጋ ወስደን ቀኙን አስደርበናል። ዓይኗም አለ። ይህ በሽታ ዓይን ውስጥ ገብቶ ሳይቀላ፣ ሳያሳምም፣ ልጁ ሳይነግራችሁ ብርሃን ሊወስድ ይችላል። የሚታየው ስሊት ላምፕ በሚባለው መሣሪያ ብቻ ነው። ወጣቷ ሐኪም የዚያኑ ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ላከችን፤ ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ጀምሮ ተገኘ። ለ11 ወር ስንወጋ የከረምነው ቂጧን ነበር።

የሐኪሞቻችንን ኑሮ አላጣሁትም። በቀን ስንት ልጅ እንደሚያዩ፣ በስንት ብር እንደሚያድሩ አውቃለሁ። እኛ ወላጆችም ንጹሓን አይደለንም፤ ላብራቶሪ ሳያዝ ዳስሶ ብቻ የሸኘንን ሐኪም «ምንም ሳያየኝ ብሬን በላ» እያልን የምናማው እኛው ነን። ልጃችንን ጉሮሮው ባመመው ቁጥር እንጥል የምናስቆርጠው፣ ቶንሲል የምናስቧጥጠውም እኛው። ቢሆንም ጃኬት ለማስወለቅ ደመወዝ ጭማሪ አይጠበቅም።

ባለፈው ሳምንት የአዲሷን ሐኪም ደብዳቤ ይዤ የቀድሞው ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ስድብ አዘጋጅቼ ነው የሄድኩት፤ ከነሱ ፋይል ጋር እንዲያያዝም ፈልጌ። ሐኪሙ ሥራ ለቋል አሉኝ። ካርድ ክፍሏ ልጅ ደብዳቤውን አገላብጣ «እናት፣ ይሄ የኛ ወረቀት አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። ከጀርባዋ የዋጋ ሰሌዳው አለ። ከኤ.ኤስ.ኦ አጠገብ የድሮው ዋጋ ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ አዲስ ዋጋ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። በመስኮቱ በኩል አንዲት እናት አንድ ወንድ ልጅ አዝላ ቆማለች፤ አምስት ዓመት ሳይሆነው አይቀርም፣ ለመታዘል ትልቅ ነው። «ምኑን ነው?» አልኳት። «እግሩን። ጠዋት ጠዋት ብቻ» አለችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።