ቀለቡን የሚሸጠው የጠገበ አይደለም

ጋምቤላ ገበያ ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ምልክት ያለበት ጆንያና የዘይት ቆርቆሮ ማየት ብርቅ አይደለም። ያየ ሁሉ ለፍርድ ይቸኩላል፦ «ስደተኛ ተቀምጦ ይበላል፣ ሲተርፈው ይሸጣል፤ እኛ የጤና መድን እየከፈልን መድኃኒት እናጣለን።» ይህን አባባል ፈጽሞ አልቀበለውም።

ቀለቡ ለምን እንደሚሸጥ ሻጯን መጠየቅ ይበቃል። ከኩሌ ወይም ከጀዊ የስደተኞች መጠለያ የመጣች እናት የሚሰፈርላት ያልተፈጨ እህል ነው። የማስፈጫ ገንዘብ ስለሌላት ከእህሉ ቀንሳ ትሸጣለች። ሳሙናውም፣ የልጅ ልብሱም፣ ማገዶውም የሚወጣው ከዚያው ጆንያ ነው። የተረፈው ደግሞ ለልጆቿ እስከ ወሩ መጨረሻ አይደርስም። ቀለቡ በ2014 ወደ ግማሽ ወርዷል። በሰኔ 2015 ደግሞ እርዳታ ተዘርፏል ተብሎ በመላ አገሪቱ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ስደተኞች ቀለባቸው ተቋረጠ፤ የተመለሰው በ2016 መጀመሪያ ነው። እህሉን በመኪና ጭና ያወጣችው እሷ አልነበረችም፤ የተራበችው ግን እሷ ናት።

«ተቀምጦ ይበላል» የሚለውስ? በ2011 የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመሥራት መብት ሰጥቷል። መጠለያ ውስጥ ግን ፈቃድ ያገኘው ጥቂት ነው። ሠርቶ እንዳይበላ የተደረገን ሰው ለምን አትሠራም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

የነዋሪው ብሶት እውነት መሆኑን አልክድም። በ1999 ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ስደተኛው ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። በመጠለያዎቹ ዙሪያ ጫካው ተመንጥሯል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ በስደተኛነት ተመዝግቦ ራሽን ካርድ የያዘም አለ፤ ይህም የሚነገረው ስደተኛውን ለመክሰስ ነው። ለእኔ ግን የሚከሰው ሌላ ነው፦ ዜጋ የስደተኛ ካርድ የሚመኘው ቀበሌው ውስጥ ያጣውን ሕክምናና ትምህርት ፍለጋ ነው። ኩሌ የሚገኘው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ጤና ጣቢያ የአካባቢውን ነዋሪም ያክማል። ስደተኛው ነገ ቢወጣ ያ በር ለነዋሪውም ይዘጋል፤ የቀበሌው ጤና ኬላ መደርደሪያ ግን በዚህ አይሞላም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ መድኃኒት ስታጡ የምትጠይቁት በጀቱን የያዘውን ይሁን። ለስደተኛውም የሥራ ፈቃዱ ይሰጠው፤ አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል።