ጉበትን የሚያሰባው ቅቤ ብቻ አይደለም

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባሎች፤

ሰሞኑን በአቦምሳ ቡና በተፈላበት ሁሉ «ጉበቴ ላይ ስብ አለ ተባልኩ» የሚል በዝቷል። መድኃኒቱም «እንጀራና ዳቦ ተው፣ ቅቤና ሥጋ ብላ» ነው ይባላል። እኛ ነገሩን ለሁለት ከፍለን እናየዋለን።

አንደኛው እውነት ነው። ከልክ ያለፈውን ስኳርና ዱቄት ጉበት ራሱ ወደ ስብ ይለውጠዋል። እነሱን ቀንሶ ውፍረቱ የቀነሰ ሰው ጉበቱም ይቀልለታል። ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ሲወርድ ስቡ ይጎድላል፤ ከ7 እስከ 10 እጅ ሲደርስ የጉበቱ መቆጣትም ሊሻሻል ይችላል።

ሁለተኛው ግን ስሕተት ነው። ቅቤና ጮማ ሲበዛ እሱም ጉበት ላይ ይጠራቀማል፤ ከፈሳሽ ዘይትም ይብሳል። የስኳር መርፌ ወይም ኪኒን የሚወስድማ ሐኪም ሳያማክር እንጀራውን በድንገት ቢያቆም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

እንግዲህ ሰው ከመምከራችን በፊት ከራሳችን እንጀምር። በየስብሰባው ለስላሳ የምናድለው እኛው ነን። አንዱ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ወደ 7 የሻይ ማንኪያ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ በውሃና ስኳር በሌለው ቡና እንዲተካ ሐሳብ እናቀርባለን። «እንግዳ ተዋረደ» የሚል ካለ መጥቶ ይከራከረን። እንጀራ ይቅር አላልንም፤ እንጀራው ይነስ፣ ጎመኑና ምስሩ ይብዛ፣ አረቄውም ይብቃ ነው የምንለው።

የማኅበሩ ጸሐፊ